ላቦራቶሪው ከጎተራው ይጀምር

የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው በሆስፒታል ጓሮ ደምና ሽንት የሚመረመርበትን ክፍል ነው። ይሁን እንጂ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የሚያገለግለው ታሞ የመጣውን ሰው ሲሆን፣ የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ ግን ገና ያልታመመውን ሰፊ ሕዝብ ጭምር የመጠበቅ ኃላፊነት የተጣለበት ተቋም ነው። የናይሮቢው የኬንያ ብሔራዊ የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ ያለፈበት አንድ ታሪክ ይህን ልዩነት በሚገባ ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በማኩዌኒና በኪቱይ ወረዳዎች ዓይናቸው ቢጫ የሆነና ጉበታቸው የተጎዳ በሽተኞች በብዛት ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። ከአካባቢው የተሰበሰበው በቆሎ ናይሮቢ ተወስዶ ሲመረመር፣ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ከአንድ ቢሊዮን እጅ እስከ 4,400 እጅ ደርሶ ተገኘ። በዚያን ጊዜ የተፈቀደው ልክ 20 ነበርና ብልጫው 220 እጥፍ ነው። በጠቅላላው 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞቱ። ከ65 ገበያዎች ከተሰበሰቡት 350 የበቆሎ ናሙናዎች መካከልም 55 በመቶ የሚሆኑት ከልክ ያለፈ መርዝ ነበረባቸው። እህሉን በመኖሪያ ቤት ውስጥ ማከማቸት አደጋውን ያባባሰ ሲሆን፣ መርዙ በዓይን የማይታይና በማብሰልም የማይጠፋ በመሆኑ ኡጋሊ የምታገነፋው እናት ልትለየው የምትችልበት መንገድ አልነበራትም።

እጅግ የሚያሳዝነው ነገሩ እንግዳ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በዚያው አካባቢ፣ በማቻኮስ ወረዳ፣ በዚሁ መርዝ ሆስፒታል ከገቡት 20 ሰዎች 12ቱ ሞተው ነበር። ከዚያ በኋላ 23 ዓመት አልፎአል! ስለዚህ የጎደለው እውቀት ነው ለማለት አይቻልም። በእኛ አስተያየት የጎደለው በየመኸሩ ከጎተራና ከገበያ ናሙና እያነሣ የሚመረምር፣ ውጤቱንም እህሉ ሳይበላ የሚያሳውቅ ቋሚ አሠራር ነው። በሽተኛ እስኪመጣ የሚጠብቅ ላቦራቶሪ የሞትን ምክንያት ይመዘግብ ይሆናል እንጂ ሞትን አይከላከልም።

አስተዳደሩም ቀላል ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በኬንያ አብዛኛው የጤና አገልግሎት ለ47ቱ ካውንቲዎች ሲተላለፍ፣ ብሔራዊው ላቦራቶሪ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ቀርቶአል። እንግዲህ ናሙናውን የሚያነሣው ማን ነው? የማጓጓዣውንስ ወጪ ማን ይሸፍናል? ውጤቱ ሲታወቅ እህሉን ከገበያ የማገድ ሥልጣን የጤናው ነው ወይስ የእርሻው መሥሪያ ቤት? ይህ በግልጽ ተወስኖ ካልተጻፈ ውጤቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከባለል በቆሎው ወፍጮ ቤት ይደርሳል። መሣሪያው በእርዳታ ሊገኝ ይችላል፤ ለመርማሪው ደመወዝ፣ ለኬሚካሉና ለመለዋወጫው የሚያስፈልገው የዓመት በጀት ግን በለጋሽ ፈቃድ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

በአገራችንም በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ ይህ ሻጋታ የሚያጠቃቸው ሰብሎች ናቸው። የክልል ላቦራቶሪዎች የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ከመጪው መኸር ናሙና ማንሣቱን በዕቅዳቸው ውስጥ አስገብተውት እንደሆነ ለሕዝቡ እንዲገልጹ እንጠይቃለን።