ግራኙ ልጅ በግራው ይጻፍ

እርሳሱን በግራ እጁ ሲያነሳ «በቀኝህ!» የሚባል ተማሪ ዛሬም አለ። መዳፉን በማስመሪያ የሚመታም አይጠፋም። ይህን የሚያደርጉት መምህራንና ወላጆች ለልጁ ክፉ አስበው አይደለም፤ ነውር እንዳይለምድ፣ ኋላ እንዳይቸገር ብለው ነው። ይሁንና የሚመታው እጅ ጥፋት የለበትም። ምርጫው የአንጎል ነው።

ከአንጎል ተነስተው እጅና እግርን የሚያዙት ነርቮች አብዛኞቹ ወደ ህብለ ሰረሰር ሲወርዱ ጎን ይቀያይራሉ። ቀኝ እጅን በዋናነት የሚመራው የአንጎል ግራ ክፍል፣ ግራ እጅን የሚመራው ደግሞ ቀኙ የሆነው ለዚህ ነው። የኦክቶፐስ ነገር ግን ይለያል። ይህ የባሕር እንስሳ 500 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት ሲኖሩት፣ ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚገኙት በስምንቱ ክንዶቹ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ ሱምብሬ፣ ሆህነርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ከአንጎሉ ጋር የነበረው ግንኙነት የተቋረጠ ክንድ ነርቩ በኤሌክትሪክ ሲነቃቃ ጤነኛው እንስሳ እንደሚያደርገው ተዘርግቷል። አንጎሉ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ዝርዝሩን የሚጨርሰው ክንዱ ራሱ ነው። የሰው እጅ እንዲህ ያለ ነፃነት አልተሰጠውም።

አንዱን እጅ ማዘውተር የሰው ብቻም አይደለም። የሩሲያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፣ ቀይ ካንጋሮዎች ሲመገቡም ሆነ ፊታቸውን ሲጠርጉ የሚቀናቸው ግራ እጃቸው ነው። ከሰው ልጆች ግራኝ የሚሆነው ግን ከአሥሩ አንዱ ያህል ነው።

ዝንባሌው ደግሞ ከመወለድም ይቀድማል። የቤልፋስቱ ተመራማሪ ፒተር ሄፐርና ባልደረቦቹ ማሕፀን ውስጥ ሳሉ አውራ ጣታቸውን ሲጠቡ በአልትራሳውንድ የታዩ 75 ልጆችን ከዓመታት በኋላ ፈትሸዋል። የቀኝ ጣታቸውን ይጠቡ የነበሩት 60ዎቹ አንድም ሳይቀር ቀኛም ሆነው ተገኙ፤ የግራቸውን ይጠቡ ከነበሩት 15 ልጆች 10ሩ ግራኝ ሆነዋል። ገና ያልተወለደን ልጅ ማን አስተማረው ይባላል?

ማስገደዱስ አንጎልን ይለውጣል? በጀርመን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በልጅነታቸው በቀኝ እንዲጽፉ የተገደዱ ግራኞችን አንጎል ተመልክቷል። ለዓመታት በቀኝ እጃቸው ቢጽፉም፣ በሚጽፉበት ጊዜ የአንጎላቸው ቀኝ ክፍል ከቀኛሞቹ ይልቅ በእጅጉ ይሠራ ነበር። እጁ ተገዷል፤ አንጎሉ ግን ሙሉ በሙሉ አልተከተለውም።

በቀኝ እጅ መጉረስ የማዕድ ሥርዓት ነው፤ ልጁም ሊማረው ይችላል። እርሳስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ የግራኙ እጅ የጻፈውን እየሸፈነ ያደበዝዝበታል፤ እርዳታ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ግራኙን ተማሪ በአግዳሚው ግራ ጫፍ አስቀምጡት፤ ክንዱ ከጎረቤቱ ክንድ ጋር አይጋጭም። የደብተሩን ራስ ጥቂት ወደ ቀኝ እንዲያዘነብልና እጁን ከመስመሩ በታች እንዲያደርግ አሳዩት።