አሥረኛው ሰው

በዚህ ሳምንት ያናደደኝ የጅቡቲ ሙቀት አይደለም፤ ሙቀቱን ለምጄዋለሁ። ያናደደኝ ሰኞ ማታ የተደወለልኝ ስልክ ነው። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ዳር ባለች ትንሽ የፕላስቲክ ፋብሪካ ትሠራለች። ሠራተኛው አርባ ቢሆን ነው። ማኅበር እናቋቁም ብለው አሥራ ሁለት ሰዎች ፈርመው ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ ስንት እንደቀረን ታውቃለህ? ስምንት!»

አራቱን ኃላፊው አንድ በአንድ ቢሮ ጠርቶ ሻይ ጋበዛቸው። አልተቆጣም፣ አላስፈራራም። ሻዩን ጠጥተው ወጡና ስማቸውን አሰረዙ።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ቀጥሎ የምለውን ያውቁታል። አዎ፣ ያው ማኅበር በምስጢር ድምፅ ይቋቋም የምለው የድምፅ ሣጥን ነገር ነው።

የንጉሡ ዘመን አዋጅ 210/1956 ለማኅበር ሃምሳ ሠራተኛ ይጠይቅ ነበር። በአዋጅ 42/1985 ቁጥሩ ሃያ ነበር፤ 377/1996 ወደ አሥር አወረደው። ዛሬ የሚሠራበት 1156/2011ም አሥር ይላል። አንድ የሕግ ሰው ወዳጄ ይህን እየጠቀሰ «ሕጉ ምን ያህል እንደራራ አየህ?» ይለኛል። መራራቱንስ ራርቷል። ግን ከአምስት መቶ ሰው መሀል ሃምሳው ቢፈርሙ ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ ሳምንት ይፈጃል፤ ከአርባው አሥሩ ሲፈርሙ ግን ምሳ ሰዓት ላይ አብረው ሲበሉ ይታወቃሉ። በማኅበር አባልነት ሰው ማሰናበት ክልክል ነው፣ አውቃለሁ። ሻይ መጋበዝን የሚከለክል አንቀጽ ግን የለም።

ስለዚህ ስም በወረቀት ላይ ከሚለቀም ድምፅ በሣጥን ይሰጥ እላለሁ። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ክርክር ይሰማል እንጂ ሣጥን ተሸክሞ ፋብሪካ ደጅ አይመጣም። አሜሪካኖቹ ይመጣሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቡፋሎ ውስጥ የአንዲት ስታርባክስ ቡና ቤት ሠራተኞች በምስጢር ሲመርጡ የቆጠረው የመንግሥት ቦርድ ነበር፤ 19 ለ8። ስምንቱ እነማን እንደሆኑ ወረቀቱ አይናገርም፤ አሥራ ዘጠኙም እንዲሁ። ታዲያ እነሱንም አላመልካቸውም። ያ ቦርድ ለመፍረድ ቢያንስ ሦስት አባል ያስፈልገዋል። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንቱ አንዷን አባል ሲያሰናብቱ ሁለት ቀሩና መፍረድ አቃተው። ቦርዱም እንደ አክስቴ ልጅ ሰው ጎደለበት ማለት ነው!

እዚህ ጅቡቲ ደግሞ ከፈረንሳይ የተወረሰ «ዴሌጌ» የሚባል የሠራተኛ ተወካይ አለ፤ ይመረጣል። እሱም ገነት አይደለም። በ1995ቱ እ.ኤ.አ. አድማ ከሥራ የተባረሩት የማኅበር መሪዎች አቤቱታ ጄኔቭ ድረስ ሄዷል።

ይህን ሁሉ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጫቱ ሳይገባ፣ እዚሁ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ከአንድ ጡረተኛ የምድር ባቡር ሰው ጋር ሻይ እየጠጣን አወራሁት። (የሰፈሩ ስም የእባብ አምባ ማለት ነው፤ ስኖርበት እስካሁን እባብ አላየሁም።) ሰውየው ድሬዳዋ ተወልደው እዚህ ያረጁ ናቸው። የዛሬው ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ናጋድ ላይ ስለሚቆም አይወዱትም። ባቡር ማለት ለእሳቸው ከደጅ ሲጮህ የሚሰማ ነው።

«ልጄ፣ የማኅበሩን ስም ቀይሩት» አሉኝ። የድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች ሴንዲካቸውን፣ ማለት ማኅበራቸውን፣ ያቋቋሙት በ1947 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማኅበርን የሚፈቅድ ሕግ ከመውጣቱ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቀድሞ። ዋና ሥራው ጡረታና መረዳጃ ነበር። «አባቴ መዋጮውን ሲከፍል ‹እድር ነው› ነበር የሚለው። እድር የሚከለክል ሰው የት አለ?»

ነገሩ ደስ አለኝ። ሣጥኔንም ለጊዜው ረሳሁት፤ ማታውኑ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። እድር በሉት አልኳት።

ሳቀች። «እድርማ አለን፣ ጋሼ። አርባችንም አባል ነን። ሰብሳቢው ኃላፊያችን ነው።»

ማኅበሩ እስከ ትናንት ማታ ድረስ ስምንት ሰው ነው።