ጥቅምት 30 ወዴት ገባ?

አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ከመቱ ወደ ኖፓ ሄዶ የቡና ገበሬዎችን ይጠይቃል እንበል። አንዱ ገበሬ «ቡናዬን የሸጥሁት ጥቅምት 30 ቀን 2015 ነው» ይለዋል። ተማሪውም እንደ ሰማው ዓመቱን፣ ከዚያ 02፣ ከዚያ 30 ብሎ ይጽፋል። መዝገቡን አር ለተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ሲሰጠው ግን ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ወር የፈረንጆች ፌብሩዋሪ አድርጎ ይወስደዋል። ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም። የመጀመሪያው መስመር ደኅና ቀን ከሆነ ፕሮግራሙ አይጮኽም፤ ያንን ቀን ባዶ አድርጎ ያልፋል። ቀንን ከዋጋ ጋር የሚያዛምደው ስሌትም መስመሩን ጥሎ ይቀጥላል። ስንት መስመር እንደ ጣለ በግርጌ ቢጽፍም ማን ያነበዋል? ሠንጠረዡ ያምራል፤ ገበሬው ግን ከሒሳቡ ወጥቷል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ኮምፒውተር አይሳሳትም» ይላሉ። ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሰዎች ግን ይህን አያምኑም። አርን በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን ናቸው። ዛሬ ለአር የሚዘጋጁ ፓኬጆች ክራን በተባለው ማከማቻ ሲቀመጡ በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ ላይ በየጊዜው በመኪና ይፈተናሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ደራሲው መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄዎች ይጽፋል፤ መኪናውም ሠርቶ ያስተያያል። የወደቀው በይፋ ይገለጻል፤ ካልታረመም ከማከማቻው ይወጣል። በሦስቱም ላይ መፈተኑ በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 4.2.0 እትም እስኪመጣ ድረስ፣ በሊኑክስ ላይ ደኅና የሚነበበው ፊደላችን በዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ የቁጥር ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር።

ነገር ግን መኪና የሚፈትነው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ስለ ጳጉሜን 6 ማን ይጠይቅልናል? «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» አንድ ሰው መሆኑን ማን ይነግረዋል? በኢሉባቦር በፊደልና በቁቤ የተጻፈ ስም በአንድ መዝገብ ሲደባለቅ፣ አንዱ ገበሬ ሁለት ሆኖ እንዳይቆጠር ማን ይጠብቃል?

«የአርትስ ተማሪ ስለ ኮምፒውተር ምን አገባው?» የሚለኝ ይኖራል። ፊደልና የዘመን አቆጣጠር የእኛ ትምህርት ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

ስለዚህ ማኅበራችን ይህን ቢያደርግ እላለሁ። ከየፋኩልቲው የተውጣጡ ተማሪዎች ሃያ መስመር የማይሞላ የመፈተኛ መዝገብ ያዘጋጁ፤ ጥቅምት 30፣ ጳጉሜን 6፣ ሁለቱ ኃይሉዎች፣ የቁቤውም ስም ይግቡበት። ትክክለኛው መልስ ከጎኑ ይጻፍ። ፕሮግራሙ እትም በለወጠ ቁጥር በዊንዶውስም በሊኑክስም ላይ በራሱ እንዲፈተን ይደረግ። እትም መለወጡ ቀላል ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 3.6.0 የዕጣ አወጣጡ ዘዴ ስለ ተለወጠ፣ በአሮጌው እትም የተመረጠው ናሙና ተለይቶ ካልታዘዘ በቀር በአዲሱ አይደገምም።

ጊዜ የለንም የሚል ቢኖር የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ የቡና ደን የኖፓን መሬት ይነካል። ስለ ደኑና ስለ ሕዝቡ የሚወሰነው ነገር በጥናት ላይ ይመሠረታል፤ ጥናቱን የምንጽፈውም እኛ ነን። ገበሬው ከቡና ለቀማው ተነሥቶ አንድ ሰዓት ሰጥቶናል። የሰጠንን ቀን ልንጥልበት አይገባንም።