ትልቅ ጎማ በጠባብ ቦታ

የፋሲካ ማግስት ነበር። ባለቤቴ ከጎኔ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና አማቴ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ደግሞ በድስትና በምንጣፍ ተጠቅጥቆ ወደ ቢሾፍቱ ጉዞ ጀምረናል። የመጀመሪያውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስናልፍ ከኋላ በኩል «ሽርርር» የሚል ድምፅ ተሰማ። «አባዬ፣ መኪናችን ጥርሷን አፋጨች!» አለች ትንሿ ልጄ። ሁላችንም ሳቅን። በሁለተኛው ጉብታ ላይ ግን እኔ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁ። አማቴ ናቸው የገሠጹኝ፦ «ልጄ፣ እየነገረችህ እኮ ነው፤ ስማት።»

ዱከም ላይ ጎሚስታ ዘንድ ቆምን። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ጣቱን በኋላው ጎማና በፓራፋንጎው መሃል ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባም። «ጋሼ፣ የጎማው ትከሻ ተልጧል። እንዲህ ተጭኖ ብዙ ቢሄድ ይፈነዳል» አለኝ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ልጆቹንና እናቷን ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። እኔ ባዶዋን መኪና ቀስ እያልኩ ወደ ቤት መለስኳት። የዚህን ወር ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ዝምታዋ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። ኮሮላችን በየጉብታው ሆዷ እየተፋቀ ስላስቸገረኝ አንድ ጎማ ሻጭ «ትልቅ ጎማ ከነቸርኬው እንግጠምላት፤ ከፍም ትላለች፣ ታምራለችም» አለኝ። 195/65R15 የነበረውን አውጥተን 215/60R16 ገጠምን። ብቻዬን ሰፈር ዞርኩ፤ ምንም ድምፅ የለም። እውነትም አምራለች። ፎቶ ሁሉ አነሣኋት።

ያኔ ያላሰላሁትን ሒሳብ አሁን አብረን እናስላው። 195 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግረናል። 15 ደግሞ የቸርኬው ቁመት በኢንች ነው። ሲደመር የድሮው ጎማ ከላይ እስከ ታች 634.5 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ 664.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መኪናዋን ከመሬት ከፍ የሚያደርጋት ግን ግማሹ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ ወደ ላይ፣ ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳል። የፍጥነት መለኪያውም ይዋሻል፤ 100 ሲል እኛ ወደ 105 እየሄድን ነው።

ሌላው ያልጠየቅሁት የቸርኬው «ኢቲ» ቁጥር ነው። ቸርኬው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ስፋቱ ያው ሆኖ ኢቲው ከ45 ወደ 35 ቢወርድ፣ ጎማው 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ስፔሰር ማስገባትም ሥራው ያው ነው። ወደ ውጭ የወጣ ጎማ መኪናዋ ሰው ስትጭን የፓራፋንጎውን ጠርዝ ያገኘዋል፤ በጣም ወደ ውስጥ የገባ ደግሞ ከሞላና ከሾክ ጋር ይጣላል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ። በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈውን የጎማ ልክ አንብቡ። አዲሱ ጎማ በጠቅላላ ቁመቱ ከእሱ ከ2 ወይም ከ3 በመቶ በላይ አይራቅ። የክብደት ቁጥሩም አይነስ፤ 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ከተገጠመ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩ። ከዚያ ቤተሰቡን በሙሉ አሳፍራችሁ በጉብታ ላይ ቀስ ብላችሁ እለፉ። የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ጠመኔ ቀብታችሁ ከሆነ ጎማው የነካበት ቦታ ይታያችኋል። ከነካ፣ ጎማውን መልሱ እንጂ ጠርዙን በመዶሻ አታስመቱ። ቀለሙ ይሰነጠቅና ዝገት ይገባል።

እንደ ጎልፍ ጂቲአይ ያለ ፈጣን መኪና ላላችሁ ደግሞ ክፍተቱ ከዚህም ይጠብባል። ብልሃቱ ቸርኬው ሲያድግ የጎማውን ጎን ማሳነስ ነው። 225/45R17 የነበረው ወደ 225/40R18 ሲቀየር የጠቅላላ ቁመቱ ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዋጋው ግን አለ፦ ጎኑ ያጠረ ጎማ በጉድጓድ ላይ ቸርኬውን ብዙ አያድነውም። ለከተማችን መንገድ ይህን አስቡበት።

የእኛስ ኮሮላ? የድሮውን ልክ መለስን። መካኒኩ ሲያያት የኋላ ሞላዎቿ ከዕድሜ ብዛት ተኝተው ኖሯል። ሆዷን ያስፋቃት ጎማው አልነበረም። ሞላው ተቀየረና ወደ ቁመቷ ተመለሰች። ለማማር ሳይሆን ለመሸከም የሚያስፈልጋት ያ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ጉዞ ደገምነው። አማቴ እዚያው ቦታቸው ተቀመጡ። ጉብታውን ስናልፍ ማንም አልተናገረም፤ ሬዲዮኑም ዝግ ነበር። ባለቤቴ ጆሮዋን ጣል አድርጋ አዳመጠችና «አሁን ዳቦውን ቁረሱ» አለች።