ምላጩ ይመለስ፣ ልማዱ ይቅር

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ሲመጣ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ ነበር። ወሩ የካቲት፣ ሰዓቱ እኩለ ቀን። «ብርድ ነው?» አልኩት። «አይ አባባ፣ እንዲሁ ነው» ብሎ ዞር አለ። ማታ ራት ላይ ባለቤቴ ሳታስፈቅደው ሻርፑን ገለጥ አደረገችው። ከአገጩ ሥር እስከ ጉሮሮው ድረስ ሽፍ ብሎበታል። ግማሹ መግል ቋጥሯል፣ ግማሹ ጠቁሮ ጠባሳ ሆኗል።

አክስቱ ከውጭ የላከችለትን ባለ አምስት ምላጭ መላጫ ነበር የሚጠቀመው። ሽፍታው ሲበዛበት ቆሻሻ እየመሰለው አጥብቆ ይላጫል፤ አጥብቆ በተላጨ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። «ፎቶ መነሳት ከተውኩ ቆየሁ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወላጆች ይህን ሽፍታ ስታዩ ልጁን «አትታጠብም እንዴ?» ብላችሁ አትቆጡት። የንጽሕና ጉድለት አይደለም። የብዙዎቻችን ጺም ጥቅልል ነው። ምላጮች በተደራረቡበት መላጫ የመጀመሪያው ምላጭ ፀጉሩን ሳብ ያደርገዋል፤ ተከታዩ ፀጉሩ ወደ ቦታው ሳይመለስ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ጫፍ ከቆዳው በታች ይገባል። ቀጥ ያለ ፀጉር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በነበረበት ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣል። ጥቅልል ፀጉር ግን ሲያድግ ይታጠፍና የራሱን ቆዳ ይወጋል። ሰውነት እንደ ገባ እሾህ ቆጥሮ ይታገለዋል፤ እብጠቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ተቆርጦ የቀረ ሹል ጸጉርም ወደ ውጭ ካደገ በኋላ ተመልሶ ቆዳ ሊወጋ ይችላል።

ስለዚህ ልጁን በመጀመሪያ ያልኩት «አንድ ወር ያህል ምላጭ አታስነካው» ነው። ቁስሉ ሳይድን የሚላጭ ሰው በእሳት ላይ ቤንዚን ይጨምራል። ከዚያ ከመሳቢያዬ የድሮውን የብረት መላጫዬን አወጣሁለት፤ ጭንቅላቱ የሚፈታውን፣ አንድ ባለ ሁለት ስለት ምላጭ በመሃሉ የሚገባበትን። አባቶቻችን የሚያውቁት መላጫ ነው። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት በፈረንጆች 1903 ለገበያ ሲያወጣው በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ አደለው፤ ወታደሮቹም ልማዱን ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። ሁለት ምላጭ ጎን ለጎን የያዘው መላጫ በ1971 ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እየተባለ ቀጠለ። ለጥቅልል ጺም ግን የምላጩ መብዛት ጥቅሙ አይታየኝም። ነጠላው ምላጭ ፀጉሩን ከቆዳው ጋር እኩል አድርጎ ስለሚተወው ከሥር የመቅበሩ ዕድል ያንሳል።

ልጁ ከመሄዱ በፊት በራሴ ፊት ላይ አሳየሁት። በመጀመሪያ ጺሙን በለብታ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማራስ፤ ፀጉር ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል። ከዚያ ሳሙናውን በደንብ አረፋ ማድረግ። መላጫውን ከቆዳው በ30 ዲግሪ ገደማ ያዘነብሉታል፤ አይጫኑትም፣ የራሱ የብረቱ ክብደት ይበቃዋል። ፀጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ ብቻ አጭር አጭር እያደረጉ መላጨት። ሽቅብ አለመላጨት፣ በሌላው እጅ ቆዳን አለመወጠር፣ በአንድ ቦታ አለመመላለስ። ጉንጭ በጣቱ ሲዳሰስ ትንሽ ሻከር ቢል ይሻላል፤ እንደ ሕፃን ቆዳ ይለስልስ ማለት ነው ችግሩን የሚያመጣው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በዚህ መላጫ የሚቸኩል ደሙን ያፈሳል። ልጁ ሁሉንም ሰምቶ መላጫውንና አንድ ፓኬት ምላጭ ይዞ ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ ደወለ። «አባባ፣ አንገቴ እየዳነ ነው! ደግሞ መላጫዎ ዶርም ውስጥ ታወቀ። አምስታችንም በእሱ ነው የምንላጨው።»

«ምላጩንስ?» አልኩት።

«አንዱ ለሳምንት ይበቃናል።»

ስልኩን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ስለ ውሃው፣ ስለ አረፋው፣ ስለ አቅጣጫው አንድም ሳይቀር ነግሬዋለሁ። በሥራ ዘመኔ ቆጥሬ የማልጨርሰውን ያህል የተናገርኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ለገዛ የልጅ ልጄ ረሳሁት፤ ምላጭ ለሁለት ሰው አይሆንም። እኛ በኤች አይ ቪ ዘመን ስለታም ነገር በጋራ አንጠቀም የሚለውን በሬዲዮ፣ በዕድር፣ በየጤና ጣቢያው ሰምተናል። የራሱን ምላጭ በወረቀት ጠቅልሎ ፀጉር ቤት የሚሄድ ሰው ያኔ ብርቅ አልነበረም። የዛሬ ወጣት ይህን ከየት ይስማ?

እውነቱን ለመናገር እኔም ያደግሁት ምላጭ የጋራ በሆነበት ቤት ነው። አንዱ ምላጭ የአባቴን ጺም ይላጫል፣ የእኛን ራስ ይላጫል፣ ጥፍር ይቆርጣል፣ በመጨረሻ ለሁለት ተሰብሮ እርሳስ ይቀርጻል። ሲያልቅለት ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሰካል። የድሮውን መላጫ ስናመጣ ይህ ልማድ አብሮት ሊገባ እንደሚችል አላሰብኩም ነበር።

ሰው ሁሉ በምላጭ የሚፈራው ኤች አይ ቪን ነው፤ መፍራቱም ልክ ነው። እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ይችላል። ለመተላለፍ ለዓይን የማይታይ ደም ይበቃዋል። ተሸካሚው ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ «ጓደኛዬ ጤነኛ ነው» ማለት ዋስትና አይሆንም። በአገራችን ሕፃናት ይህን ክትባት ከሌሎች ክትባቶች ጋር በመደበኛነት መውሰድ የጀመሩት በ1999 ዓ.ም. ነው። የልጅ ልጄ የተወለደው ከዚያ በፊት ነው።

አልተቆጣሁትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና። በማግስቱ አምስቱም ለምርመራ እንዲሄዱ ለመንኩት፤ ሄዱ። የእሱ ውጤት ነፃ ሆነ። ይሁንና ቫይረሱ ከገባ በኋላ በምርመራ እስኪታይ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በሌላ ጊዜ ደገመ፤ አሁንም ነፃ ነው። ክትባቱን ጀምሯል፤ የመጀመሪያውን፣ ከወር በኋላ ሁለተኛውን ወስዷል፣ ከመጀመሪያው በ6ኛው ወር ደግሞ ሦስተኛውን ይወስዳል። የአራቱን ጓደኞቹን ውጤት አልጠየቅሁም። እሱ የእነርሱ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ወላጆችና አያቶች፣ የብረቱን መላጫ ለልጃችሁ ስትሰጡ እነዚህን አብራችሁ ስጡ። ምላጩም መላጫውም የአንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ወንድም ለወንድም፣ አባትም ለልጅ አያውስ። ወንድማማቾች ካሉ እጀታው ላይ የተለያየ ቀለም ክር እሰሩ። ምላጩ ፀጉር መጎተት ሲጀምር ይለወጥ፤ ዋጋው ርካሽ ነውና አይሰስቱበት። ከተላጩ በኋላ መላጫው ታጥቦ፣ ውሃው ተራግፎ፣ ሕፃን እጅ በማይደርስበት ቦታ ይድረቅ።

ያለቀው ምላጭ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ አይጣል። ጤና ጣቢያ መርፌ የሚጣልበትን ቢጫ ካርቶን አይታችኋል። ለቤት የሚሆነው ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነው። ክዳኑን ምላጭ ብቻ በሚያሳልፍ ቀጭን ስንጥቅ ብሱና ክዳኑን አሽጉት። በየቤታችን እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡልን ሴቶችና ወጣቶች ከረጢቱን የሚያነሱት በእጃቸው ነው፤ እነርሱም የሰው ልጆች ናቸው።

ይህ መላጫ ለሁሉም አይሆንም። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ፣ ዓይናችሁ የደከመ፣ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ አረጋውያን የኤሌክትሪኩ ማሽን ይሻላችኋል። በነጠላው ምላጭም ሽፍታው ያልተወው ልጅ ጺሙን በማሽን አሳጥሮ ይተው ወይም ያሳድግ። ያበጠው እየጠነከረና እየሰፋ ከሄደ የቆዳ ሐኪም ይየው።

ባለፈው ሳምንት ልጁ ፎቶ ላከልኝ። ሻርፕ የለም። ከኋላው መስኮቱ ላይ አምስት መላጫ ተደርድሯል፤ አጠገባቸው ክዳኑ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ ተቀምጧል። እኔ ያየሁት በመጀመሪያ አንገቱን ነው፤ ባለቤቴ ግን ቆርቆሮውን አይታ «ይኼስ የማን ሐሳብ ነው?» አለችኝ።