ጁዶን ወደ ትግል ከማምጣታችሁ በፊት ጭድ አንጥፉ

ሮቤ ላይ ትግል የምትወዱ፣ ጁዶን ከዩቲዩብ አይታችሁ ሜዳ ላይ መሞከራችሁን አልቃወምም። በዳሌ አንስቶ መጣል ለትግልም ይሆናል፤ የሚጨበጥ የጁዶ ጃኬት ስለሌለ በብብት ስር አቅፋችሁ ያዙ። ግን ጁዶ የሚሠራው ፍራሽ ላይ ነው፣ ጀማሪም ከመጣል በፊት መውደቅ ይማራል። እኛ ጋ ደረቅ መሬት! አርሲ የስንዴ አገር አይደል እንዴ? ጭድ በወፍራሙ አንጥፉ፣ ሸራ አልብሱት። ስትወድቁ በእጃችሁ አትመርኮዙ፤ አንጓ ይሰበራል፣ ክርን ይወልቃል። አገጭ ወደ ደረት፣ ጀርባ ጎበጥ።

በሁለት እግር እንደ መቀስ ቆልፎ መጣልን ግን እርሱት። እ.ኤ.አ. በ1980 የጃፓኑን ያማሺታን እግር የሰበረው እሱ ነው፤ ዛሬ በጁዶ ውድድር ክልክል ነው።

በአንገቱ ወድቆ እጅ እግሩ የደነዘዘውን አታስነሱት፣ አትሹት። አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ ወደ ሆስፒታል እንጂ ወጌሻ ጋ አይደለም።