በተሳሳተ ወር የተከለከለች ዓሣ

ሕግ ከወጣ ችግሩ ተፈታ ብለን የምናስብ ብዙዎች ነን። እንዲህ ለሚያስብ ሰው የአንዲት ትንሽ የህንድ ዓሣ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዴኒሰን ባርብ ትባላለች። ርዝመቷ 15 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በተፈጥሮ የምትኖረው በደቡብ ምዕራብ ህንድ፣ ከዌስተርን ጋትስ ተራሮች በሚወርዱ የኬረላና የካርናታካ ወንዞች ውስጥ ብቻ ነው። ከአፍንጫዋ ተነስቶ በዓይኗ በኩል የሚያልፍ ቀይ መስመር ስላላት የአገሬው ሰው "ዓይነ ደም" እንደ ማለት ባለ ስም ይጠራታል። ነጋዴዎች ደግሞ "ሚስ ኬረላ" ይሏታል።

መዘዟም ይኸው መልኳ ሆነ። በ1997 ሲንጋፖር ውስጥ በተካሄደ የጌጥ ዓሦች ዐውደ ርዕይ ላይ ተሸለመች፤ ከዚያ በኋላ የውጭ ገዢ በዛባት። ከ2005 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ለመጥፋት የተቃረቡ 30 የህንድ ዝርያዎች ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዓሦች ወደ ውጭ ተልከዋል። በብዛት ከተላኩት መካከል አንዷ እሷ ነበረች።

የኬረላ መንግሥት ዝም አላለም። በ2008 ባወጣው ትዕዛዝ በሰኔ፣ በሐምሌና በጥቅምት እንዳትጠመድ ከለከለ። ሲሰሙት ጥሩ ነው። ነገር ግን ዓሣዋ መቼ እንደምትራባ በቅጡ ሳይጠና የወጣ ክልከላ ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት የመራቢያ ጊዜዋ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሆኖ ተገኘ። ሰኔና ሐምሌ ላይ የቆመው ዘብ፣ እንቁላል በያዘችባቸው አብዛኞቹ ወራት ቦታው ላይ የለም ማለት ነው። ትዕዛዙም የአንድ ክልል ስለነበር ከኬረላ ድንበር አያልፍም።

"ቢያንስ አንድ ነገር ሞክረዋል" የሚል ይኖራል። አልስማማም። የተሳሳተ ክልከላ ሥራው የተሠራ ያስመስላል፤ ጠያቂውንም ያስተኛል። ትዕዛዙ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዓሣዋን ለመጥፋት በተቃረቡት መዝገብ አሰፈራት።

በ2022 ደግሞ የተሻሻለው የህንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ከፍተኛ ጥበቃ ከሚሰጣቸው እንስሳት ተርታ አስገባት። ይህ እርምጃ ነው። ነገር ግን ወንዙን የሚቆርጠው ግድብ፣ ከወንዝ የሚዛቀው አሸዋ፣ በፈንጂና በመርዝ የሚደረገው ማጥመድ የእንስሳት ዝርዝር ስለረዘመ አይቆሙም። ዓሣዋን በገንዳ ማራባት እንደሚቻልም ታይቷል። ከወንዝ እየጠለፈ የሚኖረው ሰው አራብቶ እንዲሸጥ ካልተረዳ፣ ክልከላው የሚያተርፈው ድብብቆሽ ነው።

ይህ እኛን ምን አገባን? ጣና ያገባናል። ጣና ውስጥ የዚችው ዓሣ የሩቅ ዘመዶች፣ ቢልጫ የምንላቸው ከ15 በላይ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ሌላ የትም የሉም። ብዙዎቹ ለመራባት በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። መረቡም አፋፉ ላይ ይጠብቃቸዋል። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በንግድ መረብ የሚያዘው ቢልጫ 75 በመቶ ገደማ መቀነሱ ተመዝግቧል።

ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው። ኬረላ ወሩን ሳታውቅ ከለከለች። እኛ ግን ወሩን እናውቀዋለን፣ የወንዞቹንም ስም እናውቃለን፤ የዓሣ ሀብት አዋጅ ካወጣንም ከ20 ዓመት በላይ ሆኖናል። ስለዚህ "ጥናት ይቀራል" የሚለው ምክንያት ለእኛ አይሠራም። የሚያስፈልገው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት የወንዞቹን አፍ ከመረብ ነጻ ማድረግ፣ ለዚያ ጊዜም ለአጥማጁ ሌላ መተዳደሪያ ማዘጋጀት ነው። አጥማጁ የልጆቹን እራት ትቶ ዓሣ እንዲጠብቅ መንገር ፖሊሲ አይባልም።

በጣና ዙሪያ የምትኖሩ የዚህ ቻናል ቤተሰቦች፦ በመራቢያው ወቅት በአካባቢያችሁ ወንዝ አፍ ላይ መረብ ይጣላል? የሚቆጣጠርስ ታያላችሁ? ጻፉልን።